የጠየቀንን ሰው አልመረጥነውም

አሰልጣኛችንን ያባረርነው ማክሰኞ ማታ ነው። በስልክ። ሊቀመንበሩ ደወለና «ኮሚቴው ወስኗል» አለው። ሰውየው አልተከራከረም፤ «እሺ፣ የሦስት ወር ደሞዜስ?» ብቻ ነው ያለው። ስልኩ ስፒከር ላይ ስለነበር ሁላችንም ሰማን። ሊቀመንበሩ «እሱን ፋይናንስ ያነጋግርሃል» ብሎ ዘጋው። ፋይናንስ የምንለው ሰው አጠገቡ ተቀምጦ ነበር። ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ጀመረ።

ይህ የሆነው ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው፣ እዚሁ ጅማ። ክለቡን በስም አልጠራውም። ትንሽ ክለብ ነው፣ ከፕሪሚየር ሊጉ ብዙ ደረጃ ዝቅ ብሎ የሚጫወት፣ ማሊያውን በየዓመቱ ሌላ ነጋዴ የሚያሰፋለት ዓይነት። እኔም ኮሚቴ ውስጥ የገባሁት ኳስ አዋቂ ሆኜ አይደለም። ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ኮፒ ቤት አለኝ። የጨዋታ ማስታወቂያ በነፃ አትምላቸው ነበር። አንድ ቀን «አንተም ና፣ ስብሰባ ግባ» አሉኝ፣ ገባሁ፣ በዚያው ቀረሁ። አገራችን ውስጥ የኮሚቴ አባል የሚኮነው እንዲህ ነው።

ሰባት ነበርን። የምንሰበሰበው ሀጂ ቡና መጋዘን ውስጥ ነው። ሀጂ ከሁላችንም ትልቁ ናቸው፣ በዕድሜም በገንዘብም። ቡና መጋዘን ስላችሁ የጀበና ሽታ እንዳይመጣባችሁ፤ ጥሬ ቡና የሚሸተው ጆንያና አፈር ነው፣ ዝናብ ሲጥል ደግሞ ይብሳል። ጅማ ላይ ደግሞ መቼ ነው የማይዘንበው? ቆርቆሮው ላይ መውረድ ሲጀምር መስማማት ይቅርና መሰማማት አይቻልም። አንዳንዴ ውሳኔያችን ሁሉ እንደዚያ የሆነው በዝናቡ ይመስለኛል።

ከስምንት ጨዋታ አንድ ነበር ያሸነፍነው። እሁድ ዕለት በሜዳችን ስንሸነፍ ደጋፊው አሰልጣኙን «ይውጣ! ይውጣ!» አለ፣ ቀጥሎ ደግሞ ዞር ብሎ ክቡር ትሪቡን በምንላት አግዳሚ ላይ የተቀመጥነውን እኛን ማየት ጀመረ። እዚያ ላይ ነው ነገሩ የተወሰነው። እውነቱን ለመናገር አሰልጣኙን ያባረርነው ሊቀመንበሩ ሰኞ ጠዋት ቁርስ ቤት ገብቶ በሰላም ፉል መብላት ስላቃተው ነው። ተጫዋቾቹን በሙሉ ማባረር አይቻልም። ኮሚቴ ራሱን አያባርርም። የቀረው አንድ ሰው ነበር።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ የመጀመሪያው ጥያቄ «ማን ይምጣ?» ነበር። ለምን እንደምንሸነፍ የጠየቀ የለም። እኔንም ጨምሮ። ሰባት ትልልቅ ሰዎች ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ድረስ ተቀምጠን ስም ስንጠራ አመሸን፣ ልክ አዲስ ለተወለደ ልጅ ስም እንደሚያወጣ ቤተሰብ።

ጅማ ላይ ደግሞ አሰልጣኝ ሲባል መጀመሪያ የሚነሳው ስም የታወቀ ነው። ገብረመድህን ኃይሌ። ለማያስታውስ ላስታውስ። በ2009 ጅማ አባ ቡና ፕሪሚየር ሊግ ገብቶ በዚያው ዓመት ወረደ። በዚያው ዓመት ደግሞ ጅማ ከተማ ወደ ሊጉ አደገ፣ ስሙንም ጅማ አባ ጅፋር አለ። አንዱ ሲወርድ አንዱ ሲወጣ ደረጃ ላይ የተላለፉ ያህል ነው። ከዚያ በ2010፣ ገና በመጀመሪያ ዓመቱ፣ አባ ጅፋር ሻምፒዮን ሆነ። ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር በነጥብ እኩል ጨርሶ በጎል ልዩነት! ያን ሰሞን ከተማው ውስጥ የነበረ ሰው ምን እንደነበር ያውቃል፤ ባጃጁ ሁሉ ጥሩምባ ሆኖ ነበር። ገብረመድህን በቀጣዩ ዓመት ወደ መቐለ 70 እንደርታ ሄደና በ2011 እዚያም ዋንጫውን አነሳ። ሁለት ዓመት፣ ሁለት ክለብ፣ ሁለት ዋንጫ።

እና ኮሚቴያችን ውስጥ አንድ የቀድሞ በረኛ አለ፣ ጉልበቱ የተበላሸ፣ ሲቀመጥም ሲነሳም የሚያቃስት። «አያችሁ?» ይላል። «ሰውየው ነው። ሰውየው ከሄደ ዋንጫው አብሮት ይሄዳል።» ለዚህ መልስ አልነበረኝም። አሁንም ሙሉ መልስ የለኝም። አሰልጣኝ ለውጥ አያመጣም የሚል ሰው ካለ ጅማ መጥቶ ይከራከር።

ግን አስቡት። በ2010 አባ ጅፋር ፊት መስመር ላይ 23 ጎል ያገባ ኦኪኪ አፎላቢ የሚባል ናይጄሪያዊ ነበረው። በረኛው ጋናዊው ዳንኤል አጄይ ነበር። ገብረመድህን ከሄደ በኋላም ቡድኑ በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ የጅቡቲውን ቴሌኮም ጥሎ አልፏል፣ ግብፅ ላይ በአል አህሊ 2 ለ 0 ተሸንፎ በመልሱ 1 ለ 0 አሸንፏል። አል አህሊን፣ የአፍሪካን ኃያል ክለብ! በድምር 2 ለ 1 ወጣ እንጂ። እንግዲህ ይህን ያደረገው ሌላ አሰልጣኝ ነው። ክለቡ በ2014 ከሊጉ የወረደውም እንዲሁ በአንድ ሰው መሄድ ብቻ አይደለም። ማለት የፈለግኩት፣ ጥሩ አሰልጣኝ ያለውን ነገር ወስዶ ያበስለዋል። ባዶ ድስት ጥደህ ግን ወጥ ሠሪ ብትቀያይር ምን ይፈጠራል?

የኛ ድስት ባዶ መሆኑን ሁላችንም እናውቅ ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሉት ነገር።

ማስታወቂያ አወጣን። ያተምኩት እኔ ነኝ። 14 ሰው አመለከተ፣ የግማሹን ሲቪ ያተምኩትም እኔው ነኝ፣ ስለዚህ ፖስታው ሳይከፈት ማን እንዳመለከተ አውቅ ነበር። ምስጢር ጠባቂ ነኝ፣ አትጠራጠሩ። ሲቪ ሲባል ግን አንድ ነገር ያናድደኛል፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው። ሁሉም «በቡድን ሥራ የማምን» ነው። የእግር ኳስ አሰልጣኝ በቡድን ሥራ ባያምን ቴኒስ ያሰልጥን እንጂ።

ሲቪ ስናነብ ደግሞ ያየነው ያለፈውን ውጤት ብቻ ነው። ከዚህ ክለብ ተባሯል፣ ውጣ። ከዚያም ተባሯል፣ ውጣ። እኔ ያኔ ስለ ራኒየሪ አነሳሁላቸው። ጣሊያናዊው ክላውዲዮ ራኒየሪ እ.ኤ.አ. በ2014 የግሪክን ብሔራዊ ቡድን ይዞ በሜዳው በፋሮ ደሴቶች ተሸነፈና ተባረረ፣ በአራት ጨዋታ። በ2015 ሌስተር ሲቲ ቀጠረው፣ በ2016 የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን በላ። አቋማሪዎቹ ለአንድ 5000 የሰጡትን ዋንጫ። የሱ ሲቪ ሀጂ መጋዘን ቢመጣ የመጀመሪያው ተጣይ ነበር። ይህን ስል ሊቀመንበሩ «እሱስ በኋላ ተባረረ አይደል?» አለኝ። ልክ ነው፣ ዋንጫውን ካነሳ ዘጠኝ ወር በኋላ ተባረረ። ክርክሩ እዚያ ላይ ሞተ።

ሌላው ክርክር «ከአዲስ አበባ ካልመጣ ተጫዋች አያከብረውም» የሚል ነበር። ይቺ በብሔራዊ ቡድን ደረጃ ያለችው የ«ፈረንጅ ካልመጣ» ዘመድ ናት። ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የመለሰን ሰውነት ቢሻው ከየት የመጣ ነው? ይህንንም ተናገርኩ። ሀጂ ሳቁ፣ ቡና ቀረበ፣ ታለፈ።

ሦስት ሰው ለቃለ መጠይቅ ጠራን።

የመጀመሪያው የከተማው የቀድሞ ተጫዋች ነበር። ከአምስት ጓደኞቹ ጋር መጣ፣ ጓደኞቹ ውጭ ቆመው ያጨበጭቡለት ነበር። «ልጆቹ ያውቁኛል» አለ። ይኸው ነው ያለው።

ሁለተኛው ከአዲስ አበባ መጣ። ካፍ ቢ ላይሰንስ አለው። ላፕቶፕ፣ ፕሮጀክተር፣ የፀዳ ቱታ። ፕሮጀክተሩን የጆንያ ክምር ላይ አስቀምጦ ነጭ ግድግዳ ስለሌለ በሀጂ የቀን መቁጠሪያ ጀርባ ላይ አሳየን። አርባ ገጽ ያህል ስላይድ ነው። «ሃይ ፕሬስ» (ኳሱን ከተጋጣሚ ሜዳ ጀምሮ እየሮጡ መንጠቅ ማለት ነው)፣ «ትራንዚሽን»፣ «የክለቡ ዲኤንኤ»። መሃል ላይ መብራት ጠፋ። ሰውየው አልደነገጠም፣ ላፕቶፑን ወደኛ አዙሮ በባትሪ ቀጠለ። ሀጂ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ዝግጁ ሰው ነው» አሉኝ። እኔ ደግሞ የምሥጢሬን ልንገራችሁ፤ የወደድኩት ስላይዱን ነው። ቀለሙ፣ የፊደሉ አመራረጥ፣ ሜዳው ላይ ያሉት ቀስቶች። የኅትመት ሰው ነኝ። ሲቪው ላይ በስድስት ዓመት አምስት ክለብ የሚል መኖሩን አይቼ እንዳላየ አለፍኩ።

ከተጫዋቾቻችን የአንዱንም ስም አላነሳም ነበር። ይህ የገባኝ በጣም ቆይቶ ነው።

ሦስተኛው የስፖርት መምህር ነው። ዝናብ መቶት፣ በባጃጅ፣ አንድ የተማሪ ደብተር በፌስታል ጠቅልሎ ይዞ ገባ። ሲ ላይሰንስ ነው ያለው፣ ከቢ አንድ ደረጃ ዝቅ ያለው። ሊቀመንበሩ የተለመደውን ጠየቀው፤ «ክለባችንን ከመውረድ ለማትረፍ ምን ዕቅድ አለህ?» መምህሩ ደብተሩን ከፈተና «እኔም መጀመሪያ ልጠይቅ ይፈቀድልኛል?» አለ። ማንም እሺ ሳይለው ጠየቀ።

«ጎል የሚቆጠርባችሁ መቼ እንደሆነ ታውቃላችሁ?»

ዝም።

የመጨረሻዎቹን አራት የሜዳችንን ጨዋታዎች ከቲፎዞው ጋር ቆሞ አይቷል። ደቂቃ ጽፏል። ከገቡብን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከ70ኛው ደቂቃ በኋላ ነው የገቡት። እስከዚያ ድረስ ወይ እየመራን ነው ወይ እኩል ነን። «ይህ የታክቲክ ችግር አይመስለኝም» አለ። ቀጥሎ «ልጆቹ ከልምምድ በኋላ የሚበሉት የት ነው?» ብሎ ጠየቀ። እርስ በርስ ተያየን። ቤት ተከራይተን ያስቀመጥናቸው ከሌላ ቦታ የመጡ ልጆች ነበሩ፣ ምግቡን ከደሞዛቸው ነው የሚችሉት። ሦስተኛው ጥያቄ መምጣቱ ታወቀኝ፣ ሆዴ ተገለበጠ።

«ደሞዝ ለመጨረሻ ጊዜ የወጣው መቼ ነው?»

ሊቀመንበሩ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «መምህር፣ ይቅርታ፣ እዚህ ጠያቂው ኮሚቴው ነው።» ድምፁ ያው የስልኩ ድምፅ ነበር።

መምህሩ አልተቆጣም። ሜዳችን ሐምሌ ላይ ብቻ ሳይሆን ግንቦትም ጭቃ እንደሆነ፣ በዚያ ጭቃ ላይ ከበረኛ ጀምሮ በአጭር እየተቀባበሉ መውጣት እግር እንደሚጨርስ፣ ግራ ተከላካያችን ደግሞ በተፈጥሮው ቀኝ እግር እንደሆነ ነገረን። የልጁን ስም ጠርቶ። መጨረሻ ላይ ያላት ነገር አልረሳትም። «መትረፍ አለመትረፋችሁን አላውቅም። ዘጠና ደቂቃ የሚሮጥ ቡድን ግን እሰጣችኋለሁ፣ እናንተ እራት ከሰጣችኋቸው።» ደብተሩን በፌስታሉ ጠቅልሎ ወጣ።

በሩ እንደተዘጋ «ትዕቢተኛ ነው» ተባለ። «ገና ሳይገባ ኦዲተር ሆነብን» ተባለ። ፋይናንሱ ከሁሉም በላይ ተናደደ።

እጅ አወጣን። አምስት ለሁለት፣ ለላፕቶፑ። ለመምህሩ ድምፅ የሰጡት የደጋፊዎች ተወካይና ያ ስም የሚጠራው ጉልበቱ የታመመ በረኛ ናቸው። ገረመኝ። ስንወጣ ጠየቅኩት። «እኔም ተርቤ ተጫውቻለሁ» አለኝና ባጃጅ አስቁሞ ሄደ። እኔ እጄን ያወጣሁት ለስላይዱ ነው።

አዲሱ አሰልጣኝ የመጀመሪያውን ጨዋታ 2 ለ 0 አሸነፈ። ሁለተኛውን አቻ ወጣ። ሦስተኛውን አሸነፈ። የደጋፊዎች ቴሌግራም ግሩፕ በአንድ ሌሊት ተገለበጠ፣ የሰውየው ፎቶ ፕሮፋይል ሆነ፣ ሊቀመንበሩ ፉል ቤት በጭብጨባ ገባ። እኔም «አየህ፣ ትክክል ነበርኩ» ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ለሳምንት ያህል አዋቂ ሆኜ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያነበብኩትን ያኔ ባውቅ ኖሮ ያን ያህል ባልጨፈርኩ። በሆላንድ ሊግ እ.ኤ.አ. ከ1986 እስከ 2004 የነበረውን የአሰልጣኝ ለውጥ የመረመረ ኢኮኖሚስት አለ። ነገሩ ቀላል ነው። በተከታታይ ተሸንፈው አሰልጣኝ ያባረሩትን ክለቦች፣ ልክ እንደዚያው ተሸንፈው አሰልጣኙን ካላባረሩት ጋር አስተያየ። ያባረሩት ተሻሻሉ። ያላባረሩትም እኩል ተሻሻሉ። ምክንያቱም አሰልጣኝ የሚባረረው ውጤት ታች ሲነካ ነው፤ ታች ከነካህበት ሰሞን ደግሞ ግማሹ ድክመት ቢሆንም ግማሹ ዕድል ነው፣ ቋሚ የመታ ኳስ፣ ዳኛው ያላየው ሪጎሬ፣ ልምምድ ላይ የተጎዳ አጥቂ፣ እና እነዚህ ሁሉ ለዘላለም በአንተ ላይ ብቻ አይወርዱም። ዝናቡ ሊያባራ ሲል ጃንጥላ የዘረጋ ሰው ዝናቡን ያቆምኩት እኔ ነኝ እንደሚለው ነው። ተመልካቹም ያምነዋል፤ ጃንጥላው ሲዘረጋና ዝናቡ ሲቆም በዓይኑ አይቷላ።

በእርግጥ እኛ ዘንድ ሌላም ምክንያት ነበር። አዲሱ አሰልጣኝ ሲመጣ ሀጂ ከኪሳቸው የአንድ ወር ደሞዝ ሰጥተው ነበር። ልጆቹ አንድ ወር በሉ። ይህን ያገናኘሁት ሊጉ ካለቀ በኋላ ነው።

ገንዘቡ ሲያልቅ ያው ሆነ። 78ኛው ደቂቃ፣ 83ኛው ደቂቃ፣ 90ኛው ደቂቃ። የመጀመሪያውን አጋማሽ ሃይ ፕሬስ እንጫወታለን፣ ሁለተኛውን እንተኛለን። አንድ ጨዋታ ላይ አማካዩ ልጅ ኳስ አጠገቡ ስታልፍ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ቆሞ ሲያያት አየሁት። ደጋፊው «ሰነፍ!» አለው። እኔ ከዚያች አግዳሚ ላይ ሆኜ የመምህሩ ደብተር ነው ትዝ ያለኝ፣ ግን ለማንም አልተናገርኩም። አሰልጣኙ ሦስት ጨዋታ ሲቀር ላፕቶፑን ይዞ ወደ አዲስ አበባ ሄደ። የሁለት ወር ደሞዝ ቀርቶበት። ክፉ ሰው አልነበረም፣ ሥራውንም ያውቃል፤ ኋላ ላይ ደህና ቦታ እንደሠራ ሰምቻለሁ። እኛ ነን የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ስንለክክ የከረምነው። በሁለት ነጥብ ወረድን። እኔም ኮሚቴውን ለቀቅኩ፣ «በሥራ ጫና» ብዬ። ደብዳቤውን ራሴው ነው ያተምኩት።

መምህሩን ካየሁት ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበር። ባለፈው መስከረም ሱቄ መጣ። ሰፈር ውስጥ ሕፃናት ያሠለጥናል፣ ለውድድር ሊያስመዘግባቸው የልደት ካርዳቸውን ኮፒ ሊያስደርግ ነው። በር ላይ ስምንት ዘጠኝ ልጆች ኳስ በመረብ ይዘው ቆመዋል፣ ግማሾቹ የታኬታቸውን ጭቃ ደረጃዬ ላይ እያራገፉ። አወቀኝ። እንዳወቀኝ አወቅኩ። ኮፒ እያደረግኩ «ያኔ...» ብዬ ጀመርኩ።

«ስንት ሆነ?» አለኝ።

«ይቅር፣ ለልጆቹ ነው» አልኩ።

«አይ፣ ወላጆች አዋጥተው ነው የሰጡኝ፣ ደረሰኝ ያስፈልገኛል» አለና ቆጥሮ ከፈለ። ደረሰኙን ያችኑ በመሰለች ደብተር ውስጥ ከተተው። ሲወጣ አንዱን ሕፃን «ቁርስ በልተሃል?» ሲለው ሰማሁ።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ወድጄ አይደለም። ባለፈው ሳምንት ያው ሊቀመንበር ደወለልኝ። አሁንም ሊቀመንበር ነው። «ወንድሜ፣ አሰልጣኝ አሰናብተናል፣ ማስታወቂያ አለችን፣ እንደ ድሮው» አለ። በቴሌግራም ላከልኝ። ተፈላጊ ችሎታ፣ የሥራ ልምድ፣ «በቡድን ሥራ የሚያምን»። አስተካክዬ ጻፍኩና ከታች አንድ መስመር ጨመርኩ፤ ክለቡ ለተጫዋቾችና ለቀድሞ አሰልጣኞች ያልከፈለው የስንት ወር ደሞዝ እንዳለ የሚገልጽ፣ ቁጥሩን ራሱ እንዲሞላው ክፍት ቦታ ትቼ። መልሼ ላክሁለት።

መጀመሪያ የሚስቅ ምልክት ላከ። ትንሽ ቆይቶ ደወለ፣ አላነሳሁም። ማታ ላይ ጽሑፍ መጣ፤ «ያቺን መስመር አውጣና አትም። ሀያ ኮፒ። ነገ ልጅ እልካለሁ።»

ልጁ ሁለት ጊዜ መጥቶ ሄዷል። መብራት የለም ብየዋለሁ። ለነገሩ ሁለተኛው ጊዜ እውነት ነበር።